የቅዳሜ ስንቅ

ሳሊሃን ያገኘኋት አሥራ አንደኛ ክፍል ልንገባ ስንል ነው። ከእናቴ ጋር ሆሳዕና ውስጥ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ስንዞር ውለን እማማ ሙሉነሽ ግቢ ደረስን። በሩ ላይ አንዲት ረጅም ልጅ ከአባቷ ጋር ቆማለች። እማማ ሙሉነሽ ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አየችና፣ “ለየብቻ ከሆነ ኪራዩን አትችሉትም። አብራችሁ ግቡ” አለች። እናቴ የልጅቷን ሻርፕ አየች፣ የልጅቷ አባት የእኔን ማተብ አዩ። ከዚያ ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። “እነሱ ከተስማሙ እኛ ምን አገባን?” አለች እናቴ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እኔ የሀደሮ ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያ አስተማሪ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሞተ። እናቴ ገበያው ዳር ሻይ እያፈላች ነው ያሳደገችን። ሳሊሃ ደግሞ ከሆመቾ ወጣ ካለ ቀበሌ ናት። አባቷ ጋሽ ሀይደር ገበሬ ናቸው። ሆመቾም ትምህርት ቤት ሞልቷል፤ ግን የሒሳብ አስተማሪዋ “ይህችን ልጅ ላቦራቶሪ ያለበት ትምህርት ቤት ውሰዷት” ስላላቸው፣ ላቦራቶሪ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይዘዋት መጡ።

ከገጠር መጥቶ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ የሚኖረው በስንቅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ወላጅ የሚሸጠውንም የሚገዛውንም ሲያመላልስ የልጁን የሳምንት ምግብ አብሮ ይዞ ይመጣል። የእኔ እናት ሻይ ቤቷን ዘግታ መምጣት ስለማትችል ስኳር ድንችና ቦሎቄ በሹፌር እጅ ትልክልኛለች፤ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ሹፌሩ ይረሳዋል። የሳሊሃ ግን አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። አራት ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ይንኳኳል። ጋሽ ሀይደር ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎ። ሁልጊዜም ከጆንያው ሥር አንድ ለብቻው የታሰረ ጥቅል ይወጣል። “ይሄ የትርሲት ነው” ይላሉ ለእኔ እየዘረጉልኝ።

ወደ ክፍላችን አይገቡም ነበር። የሴት ልጆች ክፍል ነው ብለው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ፣ “እሺ፣ በዚህ ሳምንት ምን ተማራችሁ?” ይላሉ። ዝም ብሎ መጠየቅ ብቻ አልነበረም። ማስረዳት አለብን። ሳሊሃ ስለ ስበት ስታስረዳቸው አንዴ አቋርጠዋት፣ “ቆይ፣ ታዲያ ጨረቃዋ ለምን አትወድቅም?” ብለው ሁለታችንንም አፋጠጡን። መልሱን ፈልገን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንድናቀርብ ተቀጠርን። ከሳሊሃ ጋር ሀዲይሳ ነው የሚያወሩት፤ እኔ ካለሁ ግን ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ያደርጉታል፤ ሲቸኩሉም አማርኛው ይምታታባቸውና እኔን “አንተ” ይሉኛል። እኔም አልቆጣም። አባቴ ከሞተ በኋላ የትምህርቴን ነገር የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነን፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ሳሊሃ ጋግራ ያወጣችውን ቆጮ ቆርሳ አፏ ውስጥ እንዳደረገች ማኘኳን አቆመች።

“ይሄ የእማ አይደለም” አለች።

“ቆጮ ቆጮ ነው” አልኳት።

“ለአንቺ ነው እንጂ! የእማ ቆጮ ውስጥ ቃጫ ኖሮ አያውቅም። ደጋግማ ነው የምትከትፈው። ይሄን እይ” ብላ ከጥርሷ መሃል አንድ ረጅም ክር መዘዘች። “ሽታውም ሌላ ነው። ይሄ በሌላ ሰው ጉድጓድ ተቀብሮ የበሰለ ነው።”

እውነቱን ለመናገር እኔ ልዩነቱ አልገባኝም። ግን በቀጣዩም ቅዳሜ እንደዚያው አለች፣ ከዚያም በኋላ ባለው። አባቷን ጠየቀቻቸው። “እናትሽ አጋዥ ይዛለች። እጇን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት” አሏት ወደ ጎመኑ እያዩ። ሳሊሃ ከዚያ ቀን ጀምሮ መተኛት ተሳናት። እናቷ ስልክ የላትም። የጎረቤታቸው ስልክ ሲደወል ጥሪ አይቀበልም ይላል።

“እማ ሞታለች” አለችኝ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ በመንገዱ መሃል ቆማ። “ሞታለች፤ ፈተናው እስኪያልፍ ነው የደበቁኝ።”

“አባትሽ ይሄን ደብቀው ‘ጨረቃ ለምን አትወድቅም’ ይላሉ?”

“አባን አታውቂውም። ለትምህርቴ ብሎ ይሄንንም ያደርጋል።”

እሑድ ጠዋት ለማንም ሳንናገር ወደ ሆመቾ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርን። ከወረድን በኋላ ደግሞ በእግር አንድ ሰዓት ያህል አለ። ቤታቸው ጋ ልንደርስ ስንል ሳሊሃ ድንገት ሮጠች። እኔም ከኋላ ሮጥኩ።

እትዬ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የትንሿን ልጃቸውን ጸጉር እየሠሩ ነበር። ሳሊሃ ስታያቸው እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ደንግጠው ተነሡ። “ምን ሆንሽ? ምን ሆነ? አባትሽ ምን ሆነ?” እያሉ ይጮኻሉ። እሷ ደግሞ “እጅሽ! እጅሽን አሳዪኝ!” ትላለች። ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው አሳዩአት። ምንም አልነበረባቸውም።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ከቤቱ ጀርባ ያየሁት። ሳሊሃ ሁልጊዜ የምታወራልኝ፣ በልጅነቷ ድብብቆሽ የምትጫወትበት የእንሰት ጓሮ አልነበረም። ባዶ መሬት ነው። የተቆፈረ፣ የተደለደለ፣ ዳር ዳሩ ላይ የደረቀ ቅጠል የተቃጠለበት አመድ ያለበት።

“በሽታ ገባበት” አሉ እትዬ ዘይነባ። “መጀመሪያ ከመሃል ያለው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም ጠወለገ። የግብርና ሰዎች መጥተው ‘ነቅላችሁ ቅበሩ፤ ቢላችሁንም በእሳት ለብልቡ’ አሉን። አባትሽ ብቻውን ነቀለው፤ አንድ ሳምንት ፈጀበት። ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ቆጮ እስከ ኅዳር አደረሰን። ከዚያ እሱ ሥራ አገኘ።”

“የምን ሥራ?”

እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ግራ ተጋብተው አዩአት። “የጥበቃ ሥራ ነዋ፣ ሆሳዕና። ከአንቺ አጠገብ ክፍል ተከራይቶ የለም? ‘እራቴን የምበላው ከሳሊሃ ጋር ነው፤ ልጅቷ ሙያ ተምራለች’ እያለ አይደል እንዴ በመጣ ቁጥር የሚነግረኝ?”

ሳሊሃና እኔ ተያየን። ለእኛ፣ ቤት ነው ያለሁት ብለውናል። ለሚስታቸው ደግሞ ከልጄ ጋር ነኝ ብለዋል። ለካ ቆጮውን ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ይገዙታል፤ ቅጠል ፈልገው ይጠቀልሉታል፤ ኮታቸውን ይለብሳሉ፤ ከመናኸሪያ በኩል ዞረው ከሆመቾ እንደመጣ ሰው በራችንን ያንኳኳሉ።

ሳሊሃ ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሳቅ ጀመሩ። “ሁለታችንንም ሸወደን!” አሉ። “ይሄ ሰውዬ! ስናገባ እንኳ ከብት አለኝ ብሎ የወንድሙን በሬ ነው ያሳየኝ!” ሲስቁ ሲስቁ ሳቁ መልኩን ቀየረ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። “ታዲያ የት ነው የሚያድረው?” አሉ።

የገብስ ገንፎ አበሉን። “እኔ ቅድም በልቻለሁ” አሉ፤ ትንሿ ልጅ ግን “አልበላሽም” አለችና ዝም በይ ተባለች። ስንወጣ ደግሞ አንድ ወፍራም ሹራብ ጠቅልለው ለሳሊሃ ሰጧት። “ዘይነባ አውቃለች በይው። በጣም ተቆጥታለች በይው። መጀመሪያ ይሄን ንገሪው፤ ሹራቡን ከዚያ በኋላ ስጪው።”

ሰኞ ከትምህርት ስንወጣ ፍለጋ ጀመርን። የጥበቃ ሥራ የሚባለውን ሳሊሃ አላመነችውም። “እጁን አላየሽውም? እኔም አይቼው ዝም አልኩ። ሲሚንቶ ነው” አለችኝ። ያን ጊዜ ሆሳዕና በየመንገዱ ሕንፃ ይሠራል። ሁለት ቦታ ጠይቀን የሉም ተባልን። ሦስተኛው ቦታ፣ አራተኛ ፎቁን የጀመረ ሕንፃ ነው። በባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ በሚያዝ የእንጨት ባሬላ ቡኬት፣ የተቦካ ሲሚንቶ፣ ተሸክመው ይወጣሉ። የኋለኛው ጋሽ ሀይደር ናቸው።

ሳሊሃ ከታች ቆማ “አባ!” አለች።

ዘወር ብለው አዩን። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር መግለጽ አልችልም። ግን ባሬላውን ማስቀመጥ አይችሉም፤ የፊተኛው ሰውዬ እየወጣ ነው። ስለዚህ እያዩን፣ አንገታቸውን ወደ እኛ እንዳዞሩ፣ እስከ ላይ ወጡ። ከዓይናችን ተሰወሩ። እኛም ጠበቅን። ሳሊሃ ሹራቡን አቅፋ ቆማለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወረዱ፤ ላይ ሆነው ፊታቸውን ለመጥረግ ሞክረው ኖሮ ሲሚንቶው ጭራሽ ተለቅልቋል።

“ትምህርት የለም እንዴ?” አሉ መጀመሪያ።

“ወጥተናል። እማ አውቃለች። በጣም ተቆጥታለች” አለች ሳሊሃ እንደታዘዘችው። ከዚያ ሹራቡን ሰጠቻቸው።

ተቀብለው በሲሚንቶ እጃቸው እንዳያቆሽሹት በክንዳቸው ያዙት። “ሆመቾ ሄደሽ ነበር?”

“የት ነው የምታድረው አባ?”

“እዚሁ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ። የሲሚንቶ ወረቀት ሲነጠፍ እኮ ይሞቃል። ዘበኛውም ጥሩ ሰው ነው።”

“ለምን ዋሸኸኝ?”

በሀዲይሳ ነበር የሚያወሩት፤ ግን ከዓመት በላይ አብሬያት ስለኖርኩ እሰማለሁ። “ከገበያ ገዝቼ ነው ብልሽ ትቆጥቢዋለሽ” አሉ ጋሽ ሀይደር። “አውቅሻለሁ። ግማሹን ለሰኞ፣ ሩቡን ለማክሰኞ ትያለሽ። ከቤት ነው ስልሽ ግን ጠግበሽ ትበያለሽ። የቤት ነገር አያልቅም ብለሽ ነው የምታስቢው።”

ሳሊሃ መሬት መሬት እያየች ማልቀስ ጀመረች። “ትምህርቴን አቆማለሁ” አለች። “ትርሲት የምታውቃት አንዲት ሴት አለች፤ ሆቴል ውስጥ ዕቃ የምታጥብ ልጅ ትፈልጋለች። አንተ ቤት ግባ።”

“ታቆሚያለሽ?”

“አቆማለሁ።”

“መልካም” አሉ ጋሽ ሀይደር። “እንግዲያው እኔ ለዚያ አስተማሪሽ ምን ልበለው? ሂጂና ራስሽ ንገሪው። እኔ አልነግረውም፤ ያፍርብኛል።” ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ልጄ፣ እንሰቱን ስነቅል አንድ ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። እንደ ሴት፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እናትሽ አላየችኝም። ሲያልቅ፣ አሁን የቀረኝ ምንድን ነው ብዬ ቆጠርኩ። ልጆቼ ናቸው። አንቺ ደግሞ ለፈተና አምስት ወር ነው የቀረሽ። አምስት ወር ድንጋይ መሸከም ምንድን ነው? እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሸክም ብርቄ አይደለም። ከዚህች ልጅ ፊት ግን ስታለቅሺ ያሳፍረኛል” አሉ ወደ እኔ እያዩ።

እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ፎርማኑ ከላይ ጮኸ። ጋሽ ሀይደር ሊሄዱ ሲሉ ሳሊሃ እጃቸውን ያዘች። “እሺ፣ አላቆምም። ግን ከዛሬ ጀምሮ እራት ከእኛ ጋር ትበላለህ። ለእማ እንደነገርካት።”

“የልጆች ምግብ ልሻማ?”

“ካልሆነ አቆማለሁ።”

አሁን የቀረችው እማማ ሙሉነሽ ናት። ወንድ ከመሸ ግቢዬ አይገባም የሚል ሕግ አላት። ባሏ በንጉሡ ዘመን ከጎጃም ተሹመው የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢውን እንደ ገዳም ነው የያዘችው። ሳሊሃ አፍራ ስትቆም እኔ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት።

“አባቷ ናቸው እኮ እማማ።”

“አባትም ወንድ ነው” አለችኝ። “እራቱን በልቶ ይሂድ።”

ያን ቀን በልተው ሄዱ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እማማ ሙሉነሽ የማገዶ ቤቷን እያጸዳች አገኘናት። እንጨቱን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ቆልላለች፣ አሮጌ የሽቦ አልጋ አስገብታለች። “አጥሬ ወድቋል” አለች ሳናናግራት። “የሚያጥርልኝ ሰው ፈልጌ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።” ጋሽ ሀይደር አጥሩን በሁለት እሑድ ጨረሱት። እማማ ሙሉነሽ ግን እስከ ሰኔ ድረስ “ገና ነው፤ እዚህ ጋ ይቀረዋል” እያለች አቆየቻቸው።

እነዚያ አምስት ወራት ቀላል አልነበሩም። ቆጮው ቀጭን ነበር፤ ጎመኑ ዘይት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኞቻችን ጋር ሻይ ቤት እንዳንገባ ሁልጊዜ ሥራ ያለን እንመስል ነበር። እኔ ስንቄ ሲያጥር ረቡዕና ዓርብ የነበረው ጾሜ ሰኞም ማክሰኞም ይጨመርበታል፤ ሳሊሃ ግን ደርሳብኝ፣ “ይሄ የምን ጾም ነው? ቄስሽን ልጠይቅ?” ብላ አስቁማኛለች። ሆኖም እውነቱን ልናገር፣ ከሕይወትሽ መርጠሽ ድገሚ ብባል እነዚያን ወራት እመርጣለሁ። ጋሽ ሀይደር ከሥራ መጥተው፣ ታጥበው፣ ሰግደው ይቀመጣሉ። እኛ ጮክ ብለን እናነባለን። እሳቸው ይጠይቃሉ። አንድ ቀን የመፈንቅልን ነገር አስረዳናቸው። በማግስቱ በረጅም ብረት ሦስት ሰው ያቃተውን ድንጋይ ብቻቸውን ፈንቅለው፣ ፎርማኑ “የት ተማርክ?” ሲላቸው፣ “አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ” ብለውት መጡ።

ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚያስገቡን። የሁለታችንንም ብርድ ልብስና ቦርሳ ተሸክመው እስከ በሩ ድረስ ሸኙን። “የማታውቁት ሲመጣ ዝለሉት፤ የምታውቁት ላይ አትቸኩሉ” አሉን። ይህን ምክር ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ውጤት መስከረም ላይ መጣ። ሳሊሃ በቀጥታ አላለፈችም፤ ግን አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማካካሻ ለመማር የሚያበቃውን ነጥብ አገኘች። እኔ እሱንም አላገኘሁም። ሳሊሃ ስልኩን እንደያዘች መደሰትም ማዘንም አቅቷት ቆመች። ጋሽ ሀይደር ከሳሊሃ በፊት ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። “ነይ፣ ቤት እንሂድ” አሉ። “ድንች ደርሷል። እጅ ይጎድለናል።”

አንድ ሳምንት ሆመቾ ሰነበትኩ። ባዶ የነበረው ጓሮ ላይ ድንች ተተክሎ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከጎኔ ሆነው እየቆፈሩ ስለ ፈተና አንድም ቃል አላነሡብኝም። ይልቅ ጋሽ ሀይደር ዶዮገና ሄደው በሽታ ያልነካው የእንሰት ችግኝ ሊያመጡ እንደሚያስቡ፣ እንሰት ለመድረስ አራት አምስት ዓመት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። “እስከዚያ?” ስላቸው፣ “እስከዚያ ድንች፣ እስከዚያ ገብስ፣ እስከዚያ እሱ ይዋሻል” አሉኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ስመለስ ሙያ ኮሌጅ ተመዘገብኩ፤ የቧንቧ ሥራ። ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። እናቴ መጀመሪያ ሰው ሲጠይቃት ርዕስ ትቀይር ነበር፤ አሁን “ልጄ ውሃ ታስገባለች” ትላለች፣ ሻይ ቤቷ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ሳሊሃ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደችው ኅዳር ላይ ነው። መናኸሪያ ሁላችንም ነበርን፤ እማማ ሙሉነሽ እንኳ ዳቦ ጋግራ መጥታለች። እትዬ ዘይነባ በመስኮቱ በኩል የልጃቸውን እጅ ይዘው አልለቅም አሉ። ጋሽ ሀይደር ግን የሉም። ዞር ዞር ብዬ ስፈልጋቸው ከአውቶቡሱ ፊት ለፊት ቆመው ከሹፌሩ ጋር ያወራሉ።

“ቀስ ብለህ ንዳ” ይሉታል። “ልጅ ይዘሃል።”

አውቶቡሱ ውስጥ ሃምሳ ሰው ነበር። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ቁልቁል አያቸው፤ ሊስቅ ነበር፣ ግን ተወው።

“እሺ አባት” አለ። “ቀስ ብዬ እነዳለሁ።”